ባቡር የማያልፍበት ድልድይ

ተወልጄ ያደግሁባት ማክሰኝት የባቡር ሐዲድ ደርሶባት አያውቅም። የልጅነት ድልድያችን ወደ ጎንደር ስንወጣ በመኪና የምንሻገረው የመገጭ ድልድይ ነበር። በእግሬ የተሻገርሁት የመጀመሪያው የባቡር ድልድይ ታዲያ ባቡር የማያልፍበት ሆኖ አረፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ጉባኤ ወደ አሜሪካ በተጓዝሁበት ጊዜ፣ በኒውዮርክ ግዛት ሃድሰን ወንዝ ላይ የተዘረጋውን የፖኪፕሲ ድልድይ አሳዩኝ። እ.ኤ.አ. በ1889 ለባቡር ተከፈተ፤ በ1974 በእሳት ተጎድቶ ሥራ አቆመ፤ በ2009 ደግሞ የእግረኞች መናፈሻ ሆነ። ርዝመቱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዛውንት ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ እናት ሕፃኗን በጋሪ ትገፋለች። የሚቸኩል የለም፤ ወደ ኋላው የሚገላመጥም የለም። ከድልድዩ ይልቅ ያስቀናኝ ይኸው ነበር።

እኛስ? ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ነበረን። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ ላይ፣ ድልድዩ ዘንድ ካለው ኩርባ ባቡሩ በፍጥነት ሲደርስ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አሮጌ መስመር ዝም ካለ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። እዚያ አፋፍ ላይ የእግር መንገድ ቢኖር፣ ቆም ብሎ ወደ ታች የሚመለከት እግረኛ ለሙታኑ መታሰቢያ በሆነ ነበር።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው «ዳቦ ሳይኖር መናፈሻ?» ብሎ ሳቀብኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ጢስ አባይ ዘንድ አለ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራው የአላታ ድልድይ ፏፏቴውን ለማየት የሚሄደውን እንግዳ ያሻግራል፤ አህያውን ጭኖ ገበያ የሚወርደውን ገበሬም ያሻግራል። ዳቦውም መናፈሻውም በአንድ ድልድይ ያልፋሉ። አሮጌ ድልድይ ለእግረኛ ሲተው ባለቤቱ ይህ ገበሬ መሆኑ ካልተዘነጋ፣ ቅንጦት አይደለም።

የእኔ ስጋት ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ፣ ከጎንደር እናቴን ልጠይቅ ስነሣ ስልኩን አንስታ አስቀድማ የምትለኝ «ልጄ፣ መንገዱን ጠይቀሃል?» ነው። ድልድዩ አልፈረሰም፤ አስፋልቱም በቦታው ነው። ሰው ግን ያለ ሥጋት ለመሻገር ወንድሙን ማመን አለበት፤ ያንን ደግሞ መሐንዲስ አይሠራልንም። ጠመንጃ ያነገቡ ወገኖች ሁሉ ተቀምጠው ሳይነጋገሩ ስለ መናፈሻ ማውራቴ ለራሴም ያሳፍረኛል።

እናቴ መንገዱን ሳትጠይቅ «ና ልጄ» ያለችኝ ዕለት፣ ስለ አዋሽ ድልድይ እንደገና እንጨዋወታለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።