ጉልበት

ጉልበት በአማርኛችን ሁለት ነገር ነው፡፡ አንዱ ጭንና ቅልጥም የሚጋጠሙበት መታጠፊያ ሲሆን ሌላው አቅም፣ ብርታት የምንለው ነው፡፡ አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ስናገር ኖሬ ሁለቱን ምን እንዳገናኛቸው አስቤው አላውቅም ነበር፡፡ ያሳሰበኝ የግንቦት 2014 ዓ.ም. አንድ እሁድ ማለዳ ነው፡፡

እንደ ልማዳችን ከሰፈር ጓደኞቼ ጋር ኳስ እንጫወታለን፡፡ ሆዳችን ገፍቷል፣ ፀጉራችን ሳስቷል፤ ልባችን ግን ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፡፡ ማንም አልነካኝም፡፡ ኳሷን ይዤ ወደ ግራ ልታጠፍ ስል እግሬ እመሬቱ ላይ ተተክሎ ቀረና ሰውነቴ ብቻውን ዞረ፡፡ ከውስጤ አንድ ነገር "ቋ" ሲል ሰማሁት፡፡

ማታውን ጉልበቴ ቅል አከለ፡፡ እናቴ ወጌሻ ካልመጣ ብላ አመጣች፡፡ ሰውየው ደግ ሰው ናቸው፤ ስንቱን ውልቃት መልሰዋል፡፡ እኔንም አሽተው "ወለምታ ነው" አሉኝ፡፡ በሦስት ሳምንት እብጠቱ ጎደለ፣ መራመድ ጀመርኩ፣ ዳንኩ አልኩ፡፡

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፡፡ ሊፍት የለውም፡፡ ሐምሌ ላይ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላትን ልጄን ታቅፌ ስወርድ ጉልበቴ ድንገት ሸርተት ብሎ ከዳኝ፡፡ በግራ እጄ የደረጃውን ብረት ባልይዝ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር፡፡ ልጅቱ ጨዋታ መስሏት ሳቀች፡፡ "ደግሞ! ደግሞ!" አለችኝ፡፡ ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄን ታቅፌ ደረጃ አልወጣሁም፤ አልወረድኩም፡፡ እናቷ ታወርዳታለች፣ እኔ ባዶ እጄን እከተላለሁ፡፡ ጎረቤት ምን እንደሚል አንባቢ ይገምት፡፡

በኤም.አር.አይ. ሲታይ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሷል፡፡ በጉልበት ውስጥ ሁለት ጅማቶች እንደ መስቀል ተላልፈው ይቀመጣሉ፤ ፊተኛው የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይሾልክ የሚይዘው ነው፡፡ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሐኪሞቹ ከቋንጃዬ ጅማት ወስደው፣ አጥንቴን በስተው፣ በተበጠሰው ቦታ ተከሉልኝ፡፡ ይህ ሁሉ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው፡፡ ዓመቱን የበላው የቀረው ነገር ነው፡፡

በማግሥቱ ፊዚዮቴራፒስቷ መጣች፡፡ የታናሽ እህቴ እኩያ ብትሆን ነው፡፡ ፎጣ ጠቅልላ ከጉልበቴ ሥር አስገባችና "ጋሼ፣ ጭንዎን አጥብቀው ፎጣውን ወደ ታች ይጫኑት" አለችኝ፡፡ ምን ቀላል ነገር አለ! አዘዝኩት፡፡ ጭኔ ዝም፡፡ ጥርሴን ነክሼ አዘዝኩት፡፡ ያው ዝም፡፡ ግንባሬን አላበኝ፤ ጭኔ ግን የሌላ ሰው ሥጋ ይመስል እዚያው ተጋድሟል፡፡ እውነቱን ልናገርና፣ ከቢላዋው ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነው፡፡ የገዛ አካሌ ሳይሰማኝ ሲቀር የመጀመሪያዬ ነበር፡፡

ልጅቷ ነገሩን አስረዳችኝ፡፡ ጉልበት ሲቆስልና ሲያብጥ፣ ለፊተኛው የጭን ጡንቻ የሚሄደውን ትእዛዝ ነርቮች ያፍኑታል፡፡ ጡንቻው አልሞተም፤ መልእክቱ አልደረሰውም፡፡ ሳይታዘዝ በሰነበተ ቁጥር ደግሞ ይሟሽሻል፡፡ በስድስተኛው ቀን ከጉልበቴ ሎሚ በላይ አንድ ነገር እርግብ ሲል ባለቤቴን ከወጥ ቤት ጠርቼ አሳየኋት፡፡ "ይኸው ነው?" አለች፡፡ ይኸው ነበር፡፡

በስድስተኛው ሳምንት የልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ ሁለቱን ጭኖቼን ለካሁ፡፡ የታመመው በአራት ሳንቲ ሜትር ቀጥኗል፡፡ አንደኛው ፋሲካ ላይ፣ ሌላው ሁዳዴ ላይ ያሉ ይመስላሉ፡፡ ጠያቂዎቼ ግን አጥሚት ይዘው እየመጡ "እረፍ፣ እንዳትንቀሳቀስ" ይሉኛል፡፡ ይህ "እረፍ" የሚሉት ምርቃታችን ስንቱን እግር አቅጥኖ እንዳስቀረ እንጃ!

እኔም ብሆን ብልህ አልነበርኩም፡፡ ጥር ላይ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበር፡፡ ሕመሙ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ጉራግኛው ሲመታ ማን ይቀመጣል? ዘለልኩ፡፡ በማግሥቱ ጉልበቴ ተነፍቶ አደረ፡፡ ፊዚዮቴራፒስቷ ጎምበስ ብላ ካየችው በኋላ ድምፅዋን ሳትጨምር ነው የነገረችኝ፡፡ የተተከለው ጅማት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተተከለበት ቀን ይልቅ ደካማ ይሆናል፡፡ ከቦታው ተነቅሎ የመጣ ነውና የደም ሥር እስኪያበቅልና አዲስ ሕዋሳት እስኪገቡበት ድረስ ለስሙ ነው ጅማት የሚባለው፡፡ "ሕመሙ የሄደው ጅማቱ ስለጠና እኮ አይደለም ጋሼ" አለችኝ፡፡ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም፡፡ እግዜር ይስጠው ጅማቱ አልተበጠሰም ነበር፡፡

ከዚያ በኋላ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ጂምናዚየሜ ሆነ፡፡ አንዲት ደረጃ በታመመው እግር መውጣት፣ ቀስ ብሎ መውረድ፤ እንደገና መውጣት፡፡ መውረዱ ነው ጉዱ፡፡ ጭኑ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል፡፡ ምድር ቤት ያሉት እትዬ ለሦስት ቀን ሲያዩኝ ከርመው በአራተኛው "ልጄ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?" አሉኝ፡፡ ጉልበቴ ነው አልኳቸው፡፡ "የማን ያልጠፋ አለ!" ብለው ገቡ፡፡ መጋቢት ላይ አምስት ኪሎ የጤፍ ዱቄት ይዤ መውጣት ጀመርኩ፤ ግንቦት ላይ አሥር፡፡ ልቤ የሚቆጥረው ሌላ ኪሎ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም፡፡ ችግሩ እኔ በጨመርኩ ቁጥር እሷም ትጨምራለች፡፡

ነሐሴ ላይ፣ በአሥረኛው ወር፣ በአንድ እግር አዘለለችኝ፡፡ በደህናው 120 ሳንቲ ሜትር፣ በታመመው 100፡፡ ቢያንስ ከመቶ ዘጠና እጁን ካልደረሰ ኳስ ክልክል ነው፡፡ "ደረጃስ?" አልኳት፡፡ "ደረጃ ይችላሉ፡፡" "ሰው ይዤስ?" ቀና ብላ አየችኝ፡፡ "ሰውየው ስንት ኪሎ ነው?" አሥራ አራት አልኳት፡፡ ሳቀች፡፡

በዚያው ምሽት ልጄን ልታቀፋት ጎንበስ ብል "ራሴ!" ብላ እጄን ገፋችው፡፡ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ለካ መውጣት ተምራለች፡፡ አንደኛውን ፎቅ ወጣች፣ ሁለተኛውንም ወጣች፡፡ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ደከማትና እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች፡፡ አነሳኋት፡፡ እያንዳንዷን ደረጃ በታመመው እግሬ እየጀመርኩ አራተኛ ፎቅ ደረስን፡፡ ግራ እጄ ግን ብረቱን አልለቀቀም፡፡