የአባባ ኖራ

በውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችን በስልክ በተገናኘን ቁጥር «የቤታችሁ ነገር ከምን ደረሰ?» ስለምትሉን ለሁላችሁም በአንድ ጊዜ ልመልስ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገብተናል።

ቤታችን በሰሜን እስራኤል፣ በጽፋት አሮጌው ሰፈር ያለ ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ነው። ጽፋት 900 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ተራራ ላይ ስለሆነች ክረምቷ ዝናብና ብርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ስላፈረሳት፣ ከድሮዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ናቸው።

ቤቱን በመሽካንታ (በባንክ ብድር) ከገዛን በኋላ ለእድሳት የቀረን 60 ሺህ ሸቀል ብቻ ነበር። አንድ ኮንትራክተር መጥቶ አየና ከእጥፍ በላይ ጠየቀን። የሻገተውንም ግድግዳ «በሲሚንቶ እንለስነዋለን፣ አለቀ» አለን።

አባባ በጎንደር ግንበኛ ነበሩ። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡ በኋላ ግን ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት ጽዳት ነው፤ ስለ ሙያቸው የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ሰውየው ከሄደ በኋላ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱና «ልጄ፣ ይህ ግንብ ላብ አለበት። በሲሚንቶ ከታፈነ ላቡ ወዴት ይሂድ? ኖራ አምጡ» አሉ።

ነገሩ እውነት ነው። ድሮ የተሠራ የድንጋይ ግንብ ከመሬትም ከዝናብም እርጥበት ይስባል። ኖራ እርጥበቱን ቀስ በቀስ ወደ አየር ያወጣዋል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፤ የታፈነው ውኃም ጨው ይዞ ድንጋዩን ይበላዋል። የፋሲል ግንብም የቆመው በኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተጠገነውን ለማረም በኋላ የተመለሱት ወደዚያው ወደ ኖራ ነው። ከጎንደር ግንብ ሠሪዎች መካከል የእኛ ሰዎች እንደነበሩበት አባቶቻችን ሲነግሩን ኖረዋል። ያው የእጅ ሙያ ግን በአገራችን «ቡዳ» እያስባለ ያሰድበን ነበር። እዚህ ደግሞ ጭራሽ ተረሳ።

ገንዘቡን በቅደም ተከተል አወጣነው። መጀመሪያ ጣራውና የውኃ መውረጃው፣ ቀጥሎ ፈቃድ ባለው ባለሙያ የተዘረጋ ኤሌክትሪክ። በእነዚህ አልቆጠብንም፤ የቆጠብነው በጉልበትና በአሮጌ በር ነው። አባባ ሰማንያ ዓመት እየተጠጋቸው ስለሆነ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዛሉ፣ እኛ እንለስናለን፦ አንድ እጅ የቦካ ኖራ፣ ሦስት እጅ አሸዋ። ግድግዳው አስቀድሞ ውኃ ይረጫል፤ ልስኑ በስሱ ይደራረባል፤ ቶሎ እንዳይደርቅም በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል። ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ያለ ጓንትና መነጽር ማንም አልነካውም።

ልጆቼ አማርኛ አይቀናቸውም፤ ከአያታቸው ጋር ለዓመታት ከ«ሰላም» አያልፉም ነበር። አሸዋ ሲነፉ ግን «አባባ፣ ይሄ ምን ይባላል?» ማለት ጀመሩ። እርሳቸውም ወንፊት፣ ቱንቢ፣ ልስን እያሉ አስተማሯቸው።

ኦሪት አዲስ ቤት የሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ ደም እንዳይፈስበት፣ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዛለች። ጣራችን ጠፍጣፋ ስለሆነ የመጨረሻው ገንዘባችን ለዚያ ዋለ። የኩሽና ቁምሳጥን እስከ ዛሬ የለንም። አባባን ስጠይቃቸው «ሳህን መሬት ቢያድር ሰው አይሞትም» አሉኝ።

መዙዛው ተሰቅሏል፣ ቄሳችንም ዳቦውን ባርከዋል። እናንተም በቤታችሁ ዝም ብለው የተቀመጡ ሽማግሌ ካሉ፣ በአገር ቤት በእጃቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቋቸው። ብትመጡ ደግሞ ቡናው ይፈላል፤ ለመኝታ ቦታ አናጣም።

ሰላም ሁኑ።