ካቶሊኮስ ቫዝጌን እና «አባቶች ለምን ዝም አሉ?» የሚለው ጥያቄያችን

በዚህ ሰሞን የትም ብትሄዱ ወሬው አንድ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥም፣ በየቻናሉ አስተያየት መስጫ ሥርም «የሃይማኖት አባቶች ለምን ዝም አሉ?» ይባላል። ጥያቄው ሳያልቅ አንዱ «ካድሬ ሆነው ምን ሊናገሩ!» ብሎ ይዘጋዋል። የሚናገር አባት ሲገኝ ደግሞ «ፖለቲካ ውስጥ ምን ያገባዋል?» የሚለው ያው ሰው ነው።

እዚህ ክርክር ውስጥ በገባሁ ቁጥር አንድ አርመናዊ ትዝ ይሉኛል፤ ካቶሊኮስ ቫዝጌን ቀዳማዊ። ታሪካቸው ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

የልጅነት ስማቸው ሌቮን ባልጂያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በሩማኒያ ቡካሬስት ተወለዱ። አባታቸው ጫማ ሠሪ፣ እናታቸው አስተማሪ ነበሩ። እሳቸውም ፍልስፍና ተምረው መምህር ሆኑ፤ የመነኮሱት በ1943 ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሞላቸው ሲል ነው። በ1955 ግን በሶቪየት አርመኒያ ኤችሚያዚን ላይ የአርመን ቤተ ክርስቲያን የበላይ አባት ሆነው ተመረጡ።

ያ ወንበር ምን ዓይነት ወንበር እንደነበር ካላወቅን ሰውዬውን አናውቃቸውም። በ1938 የነበሩት ካቶሊኮስ ኮረን በመኖሪያቸው ሞተው ተገኙ። የስታሊን የደኅንነት ሰዎች አንቀው እንደገደሏቸው አርመኖች በሰፊው ያምናሉ። ከዚያ በኋላ ወንበሩ እስከ 1945 ድረስ ባዶውን ቆየ። አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር፤ ካህናትም ታስረዋል፣ ተገድለዋል። ቫዝጌን ይህንን እያወቁ ተቀመጡ፤ ከክሩሽቼቭ እስከ ጎርባቾቭ አልፈው፣ ሶቪየት ራሷ ፈርሳ፣ በ1994 እስኪያርፉ ድረስ 39 ዓመት ቆዩ።

እንዴት ቆዩ? ዋጋ ከፍለው ነው። በየመድረኩ የሶቪየትን የሰላም ፖሊሲ አወድሰዋል። በ1956 የኪልቅያው ካቶሊኮስ ምርጫ ሲደረግ ራሳቸው ሊባኖስ አንቴልያስ ድረስ ሄደው በምርጫው ጣልቃ ለመግባት ሞከሩ። ተቃዋሚዎቻቸው «የሞስኮ መልእክተኛ» አሏቸው፤ በውጭ ያለው አርመንም ለሁለት ተከፈለ። ያ ቁስል ለአሥርተ ዓመታት አልዳነም። ይህንን ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም። እምነቱ ያሳሰረው ሰው ታስሮ ሳለ አባቱ አሳሪውን ሲያመሰግን ቢሰማ ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አያቅትም።

በምትኩ ያገኙት ምንድነው? ጥንታዊው የኤችሚያዚን ካቴድራል ታደሰ። ዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ ካህናት ማፍራቱን ቀጠለ። እየዞሩ በውጭ ያለውን ሕዝብ የመጎብኘት ፈቃድ አገኙ፤ የውጭው አርመን ገንዘብም በእሳቸው በኩል ገባ። በ1965 ደግሞ፣ ስለ ዘር ፍጅቱ በአደባባይ ማንሳት በሶቪየት ዘንድ ነውር በነበረበት ዘመን፣ ኤችሚያዚን ግቢ ውስጥ ለሟቾቹ መታሰቢያ ሐውልት ቆመ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ያ ዓመት እኛንም ይነካል። በጥር 1957 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበሉትን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሰበሰቡ። የግብፁ አቡነ ቄርሎስ ስድስተኛ፣ የሶርያው ፓትርያርክ ያዕቆብ ሦስተኛ፣ የህንዱ ካቶሊኮስ አውጌን መጡ። ቫዝጌን ከሶቪየት ምድር፣ ካቶሊኮስ ኮረን (ከሟቹ ጋር ስመ ሞክሼ የሆኑት የኪልቅያው) ደግሞ ከሊባኖስ መጥተው፣ ተቀያይመው የኖሩት የሁለቱ መንበሮች አባቶች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። አዲስ አበባ ለአርመን እንግዳ አልነበረችም፤ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ አይተው ያመጧቸው «አርባ ልጆች» ከፍጅቱ የተረፉ ወላጅ አልባዎች ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም የእነሱ የሙዚቃ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ከጉባኤው ሦስት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ፣ የፍጅቱን 50ኛ ዓመት አስመልክቶ የዬሬቫን ሕዝብ አደባባይ ወጣ። በሶቪየት ምድር እንዲህ ያለ ሰልፍ ብርቅ ነበር።

በዚያ የአዲስ አበባ ጉባኤ ከአስተናጋጆቹ መካከል አቡነ ቴዎፍሎስ ነበሩ። በ1963 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ። ከዚያ ደርግ መጣ። ቫዝጌን ወንበሩ ላይ ሲወጡ የጠበቃቸው ዓይነት መንግሥት አቡነ ቴዎፍሎስን እዚያው ወንበራቸው ላይ እያሉ ደረሰባቸው። እሳቸው ግን ፈቃድ ሳይጠይቁ ጳጳሳት ሾሙ። የካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ፣ ታሰሩ፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የመካነ ኢየሱሱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም የተገደሉት በዚያው ዓመት ነው። ደርግ በምትካቸው ከወላይታ ባሕታዊ አምጥቶ ፓትርያርክ እንዲሆኑ አደረገ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን። የዋህ ናቸው፣ አያስቸግሩም ተብሎ ይመስለኛል። (እኚያን አባት በጾምና በባዶ እግር መሄዳቸው ብቻ የሚያስታውሳቸው ብዙ ነው። እሳቸውም ራሳቸውን የቻለ ጽሑፍ ይገባቸዋል።)

እንግዲህ ማን ትክክል ነበር? አቡነ ቴዎፍሎስን ከቫዝጌን አሳንሼ አላይም፤ ደማቸው ይመሰክራል። ነገር ግን ሁሉም አባት እንደ እሳቸው ካልሞተ ካድሬ ነው ማለትን አልቀበለውም። እኔ የምጠይቀው ዝምታው ማንን እንደሸፈነ ነው። የቫዝጌን ዝምታ ሕንፃውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የሙታኑን መታሰቢያ ሸፈነ። በ1988 የካራባኽ ጉዳይ ፈንድቶ ሕዝቡ ሲነሣ በቴሌቪዥን ቀርበው «ተረጋጉ» ሲሉ የተደመጡት ለዚህ ይመስለኛል። ሰዉ ኮርፎ ሊሆን ይችላል፣ ግን አዳመጣቸው። የራሱን መኪናና አበል ብቻ የሚሸፍን ዝምታም አለ። ያንን እናንተም እኔም በስም እናውቀዋለን።

እኛ ወሎዬዎች መንግሥት ሃይማኖት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ልናውቅ ይገባ ነበር። ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው ቦሩ ሜዳ፣ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው የክርስቲያኑን ክርክር በአዋጅ ዘጉ፤ ሙስሊሙንም ተጠመቅ አሉት።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደሴ በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ ስትገባ እኔ ቤተሰቤን ይዤ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። በሰፈራችን የቀሩት አንድ ቄስና አንድ ሼህ ግን በየጠዋቱ አብረው ወደ ታጣቂዎቹ እየሄዱ ያወሩ ነበር። የሚጠይቁት ሬሳ ለማንሳት እንዲፈቀድላቸው ነው፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ወፍጮ ቤቱ እንዲከፈት። ከተማዋ በኅዳር መጨረሻ ከተለቀቀች በኋላ ሰው «ከእነሱ ጋር ሻይ ሲጠጡ ታይተዋል» አለ። ሼሁ ለሁለት ወር ያህል ገበያ መውጣት ተዉ። ቄሱን ሰላም የማይሏቸው ጎረቤቶች ዛሬም አሉ።

ዘገባ ልሠራ ሄጄ ቄሱን ይህንኑ ጠየቅኳቸው። «ሻዩንማ ጠጥተናል ልጄ» አሉኝ፤ «ሲሰጡን እንቢ ብንል ሬሳውን ማን ያነሣው ነበር?» ከዚያ ከመጽሐፋቸው መሃል የተማሪ ደብተር አወጡ። የተቀበሩት ሰዎች ስም፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎበታል። ስሙ ያልታወቀው ደግሞ በልብሱ ቀለም ተመዝግቧል። የሙስሊሞቹን ገጽ የጻፉት ሼሁ ናቸው፤ እጅ ጽሑፉ ይለያል። ከኮምቦልቻም ከሐይቅም ልጃቸውን ፍለጋ የመጡ ሰዎች በዚያ ደብተር መቃብር አግኝተዋል። ፎቶ ላንሣው ስላቸው እንቢ አሉኝ፤ ገና የሚመጣ ሰው አለ ብለው ደብተሩን መልሰው ከመጽሐፉ መሃል አስገቡት።