ሳይመረጥ የሄደ ፎቶ

ኒኮን በ2003 እ.ኤ.አ. ዲ2ኤች የተባለውን የባለሙያ ካሜራ ሲያወጣ፣ ደብልዩቲ-1 የምትባል አስተላላፊም አብራ መጣች። ካሜራው ሥር ትገጠምና ፎቶውን ያለ ሽቦ ወደ ኮምፒውተር ትሰዳለች። ለስታዲየም ፎቶ አንሺ ግሩም ነው፤ ካርድ ይዞ መሮጥ ቀረለታ! ለሠርግ ግን እንጃ።

ከዘመዶቿ አንዷን በቅርቡ ሠርግ ላይ አየኋት። የተመረጠው ብቻ እንዲላክ ማዘዝ ሲቻል፣ ልጁ የተነሣው ሁሉ ወዲያው እንዲሄድ አድርጎታል። የሙሽራዋ እናት ጥግ ይዘው ዕንባቸውን ሲጠርጉ አዳራሹ ትልቅ ስክሪን ላይ ወጡ። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለውን ፎቶ አንሺው ራሱ አይቶ ያስቀረው ነበር።

«ልጄ፣ በናትህ አጥፋልኝ» አሉት።

ከካሜራው አጠፋላቸው። ኮምፒውተሩ ግን የራሱን ቅጂ ይዟልና እማማ ከስክሪኑ አልወረዱም።