አልፈታ ያለችው ዳዶ

በዚህ ሳምንት የምንጽፍላችሁ ስለ ዝገት ነው። ዝገትን የማያውቅ የለም። ዶማችሁን፣ ገጀራችሁን፣ የበራችሁን ማጠፊያ ይበላል። እኛም የምናውቀው መስሎን ነበር። ባለፈው ጥቅምት ግን በአንዲት ዳዶ አፈርን፤ ሰውም ጎዳን። ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

ሦስት አስተማሪዎች ነን። የምንኖረው ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከአጋሮ ወጣ ብሎ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እሸት ቡና የጫነች መኪና ከመንደራችን ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ስትሄድ እኛም ተሳፈርን። ከጭነቱ ሦስቱ ጆንያ ማታ ማታ ከእኛ ጋር ፊደል የሚቆጥሩ የአንዲት እናት ነበር። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት። ካደረ በጆንያው ውስጥ ይግላል፣ ይቦካል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን። ከዚያ የግራው የኋላ ጎማ ተነፈሰ። «ጎማ መቀየር ምን ችግር አለው?» አልን። ረዳቱ ገና ሥራ የጀመረ ልጅ ነው። መፍቻውን አስገብቶ ቢታገል ዳዶዋ ንቅንቅ አልል አለች። «እስቲ እናንተ ተማሪዎች ኑ!» አለን ሹፌሩ።

ከመሃላችን አንዱ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ምህንድስና ነው። ረጅም የብረት ቱቦ አምጥቶ በመፍቻው እጀታ ላይ ሰካ። እጀታ ሲረዝም ጉልበት ይበዛል፤ ይህ እውነት ነው። ሦስታችንም ተንጠለጠልንበት። ቀጭ! አለ። ተፈታ ብለን እልል ልንል ስንል ብሎኑ ተሰብሮ መሬት ወደቀ።

በዚያው መንገድ ከገበያ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ደረሱ። እሳቸውም ተማሪያችን ናቸው። በወጣትነታቸው ለ20 ዓመት ያህል የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። የሌላውን ብሎን ጫፍ በቢላ ፋቅ ፋቅ አደረጉና፣ «ልጆቼ፣ ይቺን ምልክት አላያችሁም እንዴ? ይቺ ያለችበት ብሎን በግልባጩ ነው የሚፈታ» አሉን።

አየናት። «ኤል» የምትባለው የላቲን ፊደል ናት። በአንዳንድ የጭነት መኪናዎች የግራ ጎማ ዳዶ የሚፈታው እንደሌላው ወደ ግራ ሳይሆን ወደ ቀኝ ሲዞር ነው፤ ምልክቷም ለዚያ ናት። እኛ ስናጠብቅ ነበር የቆየነው! በዚያ ፊደል ስንት ወፍራም መጽሐፍ ያነበብን ሰዎች ነን። ግን ዝገትና ጭቃ ሸፍኗት አላየናትም። ነግረናቸው፣ «ለካ ፊደል ኖራለች? ያን ሁሉ ዘመን ሳነባት ኖሬአለኋ!» ብለው ሳቁ። እኛ አልሳቅንም።

የቀሩትን ዳዶዎች በሽቦ ብሩሽ አስጠርገው ናፍጣ አስነከሩን። ናፍጣው በስንጥቁ እስኪገባ ጠበቅን። በመዶሻ ቀስ ብለው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ በቀኙ አዞርን፤ እያቃሰተ ተፈታ። በቀሩት ብሎኖች ቀስ እያልን ስንደርስ ግን መሽቷል፤ ጣቢያው ተዘግቷል። የእናታችን ቡና አደረ። ጠዋት አልተቀበሏቸውም። አድርቀው በጀንፈል ዋጋ ሸጡት። ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩንም፤ እሱ ነው የባሰብን።

ዳዶው ለምን እንዲህ ያዘ? ብረት ውሃና አየር አንድ ላይ ሲያገኙት ይዝጋል። ጅማ ደግሞ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት አገር ናት። ጭቃ ከተለጠፈ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ በብሎኑና በዳዶው ጥርስ መሃል ያብጣል፤ ሁለቱን እንደ ሽብልቅ ያጣብቃል። የቤታችሁ ቆርቆሮም ብረት ነው። ቶሎ የማይዝገው ዚንክ የሚባል ማዕድን ስለተለበጠ ነው። ዚንኩ ራሱ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያድናል። ብሎን ሁሉ ይህን ልብስ የለበሰ አይደለም።

ሽማግሌው እንዳሉን ብሎን የሚፈታው በጠበቀበት ቀን ነው። ሲጠብቅ ጥርሱ ተጠርጎ፣ ደርቆ፣ ግራሶ ከተቀባ ከዓመት በኋላም ይፈታል። (ብሎን፣ ዳዶ፣ ግራሶ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ ነበር፤ ተባሮ ሲሄድ ቃሉ ቀረ።) የጎማ ዳዶ ግን ለብቻው ነው። ግራሶ ከበዛበት ከልክ በላይ ይጠብቅና ብሎኑን ይጎዳል። ለሱ የመኪናው መጽሐፍ የሚያዘውን አንብቡ፣ ወይም አስነብቡ። ቀለም ስትቀቡም መጀመሪያ ዝገቱን ፋቁ። በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ቁስልን ሳያጥቡ እንደማሰር ነው፤ ከሥር መብላቱን አይተውም።

የመፈልፈያ ማሽንም ብሎን አለው። ለቀማው ሲያልቅ ገለባውን አጥባችሁ አስወግዱ፤ የቦካ ገለባ ኮምጣጣ ስለሆነ ብረት ይበላል። አድርቁት፣ ከዝናብ ከልሉት። የውጪዎቹን ብሎኖች ግራሶ ቀቡ። ቡና የሚነካውን ክፍል ግን ዘይት እንዳታስነኩት! ቡና ሽታ ይስባል። ብዙ ሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል፤ እሱ ለቆዳም መጥፎ ነው፣ ጆንያ ላይ ከተንጠባጠበም ቡናውን ያበላሻል። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት አግኝታ ግዢዋ በጣም ቀንሶ ነበር። ያን ጊዜ የተጠረጠረው ጆንያው ነው።

እናታችን ዘንድሮም አብረውን ይማራሉ። ሽማግሌውም መጻፍ ጀምረዋል። ባለፈው ሳምንት የመፈልፈያው ቤት በር ላይ በከሰል የተጻፈ አየን፦ «ብሎን ተቀባ፣ መስከረም 20»። የ«ቀ» እግር ትንሽ ተጣሞባቸዋል። አላረምነውም።