ከጉጠቱ በፊት ቃል ይቅደም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። እውነት ነው። ግን በሽታውን ሳይደብቅ ይዞ የመጣውስ ሰው ምን ገጠመው? ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአክስቴ ጥርስ ነው። ውድ የክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን፣ እስቲ ታሪኩን ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ።

ያደግሁት በምዕራብ ጎጃም ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ማንኩሳ ወደ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ። በእኛ አገር ጥርስ ሲያም ምን እንደሚደረግ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ቅርንፉድ ይነከሳል። አልሆን ሲል በአረቄ ይጉመጠመጣሉ። ቀጥሎ ከሱቅ ማስታገሻ ተገዝቶ ይዋጣል። ጭራሽ ሲብስ በጉጠት የሚነቅል የሰፈር አዋቂ ይፈለጋል። ሕክምና ቤት የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አክስቴ (እኔ «እትዬ» ነው የምላት) መንጋጋዋን ወራት ታመመች። እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩና «ኧረ እንሂድ» ብዬ ያግባባኋት እኔው ነኝ። በሌሊት ተነስተን በእግር ማንኩሳ፣ ከዚያ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ገባን። ጾም ስለነበር ምንም አልቀመሰችም። በአንድ ክሊኒክ ካርድ አውጥተን ወረፋ ያዝን። በመጋረጃው በኩል የሚጮህ ሰው ይሰማል። እትዬ ነጠላዋን እያጠባበቀች «ልጄ፣ ብንመለስስ?» አለችኝ። «ምንም የለውም» አልኳት። እኔስ ምን አውቄ!

ተራዋ ደርሶ ገባን። ባለሙያው ስሟን አልጠየቃትም። ሃምሳ ዓመት ያለፋትን ሴት «አንቺ፣ አፍሽን ክፈቺ» አላት። መርፌውን ወጋ፤ ወዲያው ጉጠቱን አነሳ። ስትጮህ «ምን ያስጮህሻል? ደንዝዟል እኮ!» አለ። ጥርሱ ተሰብሮ ሥሩ ቀረ። ጥጥ አስነክሶ «ሳምንት ተመለሽ» ብሎ ሸኘን። ምን መብላት፣ ምን መተው እንዳለባት የነገረን የለም። እቤት እንደገባች በአረቄ ተጉመጠመጠች፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲደማ አደረ።

በሳምንቱ አልተመለሰችም። በወሩም አልተመለሰችም። ወሬው ግን ቀበሌውን አዳረሰ፤ «እንደ በግ ነው የሚያርዱህ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከእኛ ሰፈር ለጥርስ ብሎ ከተማ የወጣ ሰው አላየሁም።

በሁለተኛው ዓመት የእትዬ አገጭ ሥር አበጠ። ሕመሙን ደበቀችን። እኛ ስናውቅ ምራቋን መዋጥ አቅቷት፣ ትንፋሿ አጥሮ ነበር። በቃሬዛ ወደ አስፋልት አወጣናት፤ ከዚያም ሪፈር ተብላ ባሕር ዳር ደረሰች። መግሉ በቀዶ ጥገና ወጣ፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈች። ከአገጯ ሥር ያለውን ጠባሳ ባየሁ ቁጥር ግን አንድ ነገር አስባለሁ፤ እትዬን ለሞት ያደረሳት የተሰበረው ጥርስ ብቻ አይደለም፣ ያልተነገራት ቃልም ነው።

ይህን የምለው በስሜት ብቻ አይደለም። ወደዚህ ክፍል ገብቼ ስማር የገባኝ ነገር አለ። ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ በስዊድን አገር ከተሠራ (እ.ኤ.አ. በ1943) ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ነገር ግን ማደንዘዣ እንደተወጋ አይሠራም፤ ጥቂት ደቂቃዎች መጠበቅ አለበት፣ በተለይ ለታችኛው መንጋጋ። ደግሞም ሕመምን እንጂ ግፊትን አያጠፋም። ጥርሱ ሲገፋ በሽተኛው ይሰማዋል፤ ካልተነገረው ግፊቱንም ሕመም ነው ብሎ ይጮሃል።

ሌላም አለ። የጥርስ ሥር መግል ሲይዝ አካባቢው አሲዳማ ስለሚሆን ማደንዘዣው በደንብ አይሠራም። እንግዲህ ነገሩን አዙራችሁ ተመልከቱት። ሰው ስለሚፈራ ይዘገያል፤ ስለዘገየ መግል ይይዛል፤ መግል ስለያዘ ማደንዘዣው ይደክማል፤ ስለዚህ ያመዋል፤ ስላመመው ይጮሃል፤ ጩኸቱን የሰማው ጎረቤት ደግሞ ይፈራል። ይህን ክብ የሚሰብር አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። ከፍርሃቱ ላይ መጀመር ይበቃል።

ይህ እንደሚቻል ያየሁት ለተግባር ልምምድ፣ እኛ «አታችመንት» ለምንለው፣ ቡሬ በተመደብኩ ጊዜ ነው። በጥርስ ክፍሉ የምትሠራው ባለሙያ ሥራዋን የምትጀምረው ከወንበሩ ሳይሆን ከበሩ ነበር። ወጥታ በስም ትጠራለች። «እናቴ፣ ደህና አደሩ? ከየት ነው የመጡት? እህል ቀምሰዋል?» ትላለች። ረጅም መንገድ ሄዶ በባዶ ሆዱ የመጣ ሰው ወንበሩ ላይ ራሱን ሊስት ስለሚችል፣ ጥያቄው የጨዋታ ብቻ አይደለም። አረቄም ሆነ ቅርንፉድ ሞክረው እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ግን አትቆጣም። ከዚያ «አሁን መርፌ እወጋለሁ፣ ትንሽ ይቆነጥጥዎታል። ከዚያ እንጠብቃለን። ስነቅለው ሲገፋ ይሰማዎታል፣ ሊያምዎት ግን አይገባም። ካመመዎት ግራ እጅዎን ያንሱ፣ አቆማለሁ» ትላለች። እጅ ሲነሳ ደግሞ የእውነት ታቆማለች!

መድኃኒቱ እስኪይዝ ስለ በርበሬውና ስለ በቆሎው ትጠይቃለች። ቡሬ አይደል! የገበሬው ፊት ይፈታል። በዚሁ ጊዜ የሚቀጥለውን በሽተኛ ካርድ ታያለች፤ ስለዚህ የጠበቀችው ደቂቃ አይባክንም። ለልጆች ደግሞ መስታወቱን አስይዛ፣ የምትሠራውን ነግራና አሳይታ ነው የምትጀምረው። «ንገር፣ አሳይ፣ ሥራ» የሚለው ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በጽሑፍ የታወቀ ነው።

ሲያልቅ ምክሩን ለበሽተኛው ብቻ ሳይሆን አብሮ ለመጣውም ትናገራለች። «ጎዙን ግማሽ ሰዓት ነክሰው ይቆዩ። ዛሬ አይጉመጥመጡ፤ አረቄም ትኩስም ይቅር። የረጋው ደም ከወጣ ቁስሉ ይከፋል።» ከዚያ «እስቲ ምን አልኩ?» ብላ መልሰው እንዲነግሯት ታደርጋለች። እኔ ያን ጊዜ የእትዬ ሌሊት ትዝ አለኝ።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር። በልምምዱ በሁለተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ ወረፋው በሩን አልፎ ሄደ። እኔ አስገቢ ነበርኩ። አንዲት እናት ወንበሩ ላይ ለመውጣት ሲያመነቱ «ቶሎ በይ እንጂ!» አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ወጣ። ባለሙያዋ ቀና ብላ አየችኝ እንጂ ምንም አላለችም። ያ ፍኖተ ሰላም ላይ የጠላሁት ሰው እኔ ራሴ ሆኜ ተገኘሁ። ያን ሰው ክፉ ነው ብዬ ለዓመታት ስኮንነው ኖሬያለሁ፤ ለካስ ደክሞት ይሆናል። ወረፋ ሲረዝም ትዕግሥት ታጥራለች። ስለዚህ መልካም ጠባይን ለየሰዉ ጠባይ ብቻ መተው አይበቃም፤ እንደ እጅ መታጠብ የሥራው ደንብ መሆን አለበት።

በ2008 ዓ.ም. የጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ቃሉ ያማረ ነው፤ በየግድግዳውም ተለጥፏል። እኔ የምለው ግን በጥርስ ክፍል ውስጥ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር እንጻፈው ነው። በስም መጥራት፤ «እርስዎ» ማለት፤ የሚደረገውን አስቀድሞ መንገር፤ ማደንዘዣው እስኪይዝ መጠበቅ፤ እጅ ሲነሳ ማቆም፤ ምክሩን አስደግሞ መሸኘት። በመጋረጃ ፋንታ በር ቢሆን ደግሞ ውጭ ያለው ሰው ጩኸት እየሰማ አይጠብቅም። ከሩቅ ገጠር ለሚመጣ ሰው ቀጠሮውን ከገበያ ቀኑ ጋር ማስማማትም አንድ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአካባቢያችን ግጭት ተነስቶ መንገድ እየተዘጋ ሲያስቸግር፣ «ሳምንት ተመለሽ» ማለት ምን ያህል ከባድ ቃል እንደሆነ ሁላችንም አይተናል።

ለእረፍት አገር ቤት ስሄድ የቡሬዋን ባለሙያ ነገር ለእትዬ አጫወትኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ጉንጯን በጣቷ ነካ አድርጋ «ሌላም የሚያመኝ አለ፤ አልነገርኳችሁም» አለች። ቀጥላም «እጅ ስታነሺ ታቆማለች ነው ያልከኝ?» ብላ ጠየቀች። «አዎ እትዬ፣ ታቆማለች» አልኳት።

«እንግዲያው ውሰደኝ።»

ወገኖቼ፣ ነገ እኛም በየጤና ተቋሙ ስንመደብ በሩ ላይ የምናገኘው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ቃል እንስጠው፤ ቃላችንንም እንጠብቅ። ቸር ይግጠመን።