«ማን አለ? በምን አወቀ?»

ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ወላጅ ከዚያ ወዲያ ድርሻው ብር መላክ ብቻ ይመስለዋል። በተለይ እንደ እኔ የኮሌጅ ደጃፍ ያልረገጠ ሰው፣ «እኔ ምን አውቄ ነው የማስጠናት?» ይላል። ኩልመስክ፣ እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ።

ልጄ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለች ለዕረፍት የመጣችው ተመላሽ የሆነ የጥናት ጽሑፍ ይዛ ነው። ርእሱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የታነጹበት ዘመን ነበር። «ከስልክ የተገለበጠ ነው» ተብሎባታል፤ ሁለተኛ ከተመለሰ ዜሮ ነው። ደግሞም አንዱ ጽሑፍ 12ኛው፣ ሌላው 13ኛው፣ ሦስተኛው 7ኛው መቶ ዘመን ይላል።

«እማዬ፣ የቱን ልጻፍ?» አለችኝ።

«ማን ነው ያለው? በምን አወቀ?» አልኳት። መልስ አልነበራትም።

በስልኳ ጭና ያመጣቻቸውን መጻሕፍት ከፍታ፣ በደብተሯ ግራ ገጽ የተባለውን፣ በቀኙ ደግሞ ያለውን ሰው፣ የመጽሐፉን ገጽና ማስረጃውን ትጽፍ ጀመር። በሳምንቱ እያንዳንዱ ሐሳብ ባለቤት አገኘ። ትውፊቱ 11ዱንም የንጉሥ ላሊበላ ሥራ ናቸው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ያያቸው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ስለ ሕንጻዎቹ የዓይን ምስክር ነው፤ ማን እንዳሠራቸው ግን የጻፈው የነገሩትን ነው። እንግሊዛዊው የአርኪዮሎጂ ሊቅ ዴቪድ ፊሊፕሰን ደግሞ የአሠራራቸውን ዓይነት አነጻጽሮ፣ አንዳንዶቹ ከንጉሡ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው ተፈልፍለዋል ይላል።

አባቴ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ቅዱሱን ንጉሥ ልትክጂ ነው የተማርሽው?» አሏት። እሳቸው በወጣትነታቸው ትርጓሜ ቤት የገቡ ናቸው። ልጄ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቆየችና፣

«አባባ፣ በትርጓሜ ቤት የሊቃውንቱ ሐሳብ ሲለያይ ምን ይደረጋል?» አለቻቸው።

ዝም ብለው ቆዩ። «‹አንድም› ተብሎ ሌላው ይከተላል» አሉ በመጨረሻ።

«እኔም የምጽፈው እንደዚያው ነው።»

ትውፊቱን አስቀድማ፣ የሊቁን ሐሳብ ከነምክንያቱ አስከትላ፣ የራሷን አስተያየት ለብቻው ለይታ ጻፈች። ከመሄዷ በፊትም፣ የቆሎ ተማሪ ታናሹን እንደሚያስቀጽል፣ ስልክም ደብተርም ሳታይ ለአያቷ ነገረቻቸው። የፊሊፕሰን ማስረጃ ላይ ስትደርስ ተደናቀፈች። ያነበበች እንጂ የገባት አልነበረም፤ ተመልሳ አነበበችው። ጽሑፏ ተቀባይነት አገኘ።

አባቴ ዛሬም 11ዱም የንጉሡ ናቸው ባይ ናቸው። ሆኖም ጎረቤት ከስልክ ያየውን ወሬ ሲያመጣ፣ «ማን አለ?» የሚሉት እሳቸው ሆነዋል። እኔም ስደውልላት «በላሽ ወይ?» ካልኩ በኋላ፣ «እስቲ ዛሬ ያነበብሽውን ንገሪኝ» እላታለሁ። የምትለው ሁሉ አይገባኝም፤ እሷ ግን እኔን ለማስረዳት ስትል አጥርታ ታስበዋለች።